የሕፃኑ ድልድይ

ከሥራ ደክማ የተመለሰች እናት ወለሉ በእንጨት ቁርጥራጭ ተሞልቶ ስታገኝ መቆጣቷ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ልጁ ሲከምርና ሲንድ የዋለው በከንቱ አይደለም።

ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሮበል እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ ባድ ብላንከንቡርግ በተባለችው ከተማ ካዘጋጃቸው የሕፃናት መጫወቻዎች መካከል ከእንጨት የተቆረጡ ኩቦች ይገኙበታል። ከእርሱ በኋላ በኒውዮርክ ያስተማረችው ካሮላይን ፕራት የሠራችው እንጨት ደግሞ ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ፣ ወርዱም የውፍረቱ እጥፍ ነው። በዚህም ሁለት አጫጭሮች ከአንድ ረጅም ጋር እኩል መሆናቸውን ልጁ በገዛ እጁ ይደርስበታል።

አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን እንጨቱን ይዞ መዞርና ማጋጨት ይበቃዋል። ቆየት ብሎ መደራረብ ይጀምራል። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሁለቱን አቁሞ ሦስተኛውን በላያቸው ያጋድማል። ይህች ድልድይ እንደ ቀላል አትታይ። ምሰሶዎቹ ከተራራቁ የሚጋደመው እንጨት ይወድቃል፤ ልጁም አቀራርቦ ደግሞ ይሞክራል። ያለ ማስመሪያ መለካት ማለት ይኸው ነው። ብዙዎቻችን እጃችንን የምናስገባው ግን ልክ በዚህ ሰዓት ነው። «እንዲህ ነው እንጂ!» ብለን ስንሠራለት፣ ልጁ የሚማረው እርሱ እንደማይችል ነው። «ለምን ወደቀ?» ብሎ ጠይቆ መታገሥ ይሻላል።

መጫወቻውን ከሱቅ መግዛት ግዴታ አይደለም። ከአናጢ ቤት የሚተርፍ ቁርጥራጭ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ከለሰለሰ ይበቃል። ሚስማር ያለበትና አፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ቁራጭ ግን ይወገድ። ማታ ልጁ ራሱ ረጅሙን ከረጅም፣ አጭሩን ከአጭር እየለየ ወደ ካርቶኑ ይመልስ፤ ወለሉም ይጸዳል።