ጥሩር ለባሹ ዳይኖሰር የማን ዘር ነው? ከተንዳጉሩ እስከ ጀማ የተካሄደ ምደባ ዳሰሳ

ከጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ሰው በስተግራና በስተቀኝ የሚያየው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የእንጦጦ አለት ዕድሜ 22 ሚሊዮን ዓመት ግድም ስለሆነ የዳይኖሰር አጥንት አይፈለግበትም። ሙከ ጡሪ ላይ ወደ ዓለም ከተማ ታጥፈው የጀማን ሸለቆ ሲወርዱ ግን ጥቁሩ ድንጋይ ያልቅና አሸዋ ድንጋይ ይተካል፤ ከእሱ ሥር ደግሞ የሙገር ጭቃ ድንጋይ የሚባለው ንብርብር ብቅ ይላል። ይህ ንብርብር የኋለኛው ጁራሲክ ዘመን ነው። በዚያው ዘመን በታንዛኒያ፣ ተንዳጉሩ በተባለው ቦታ፣ የምሥራቅ አፍሪካው ጥሩር ለባሽ ዳይኖሰር ኬንትሮሳውረስ ይኖር ነበር። የእሱና የዘመዶቹ ምደባ ከመቶ ዓመት በላይ እንዴት እየተለወጠ እንደመጣ ማየት ለእኛም ይጠቅመናል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የበርሊን ሙዚየም ተንዳጉሩን የቆፈረው ከ1909 እስከ 1913 ነው። ቆፋሪዎቹና ተሸካሚዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአገሬው ሰዎች ነበሩ፤ አጥንቱን በትከሻና በራሳቸው ተሸክመው በእግር እስከ ሊንዲ ወደብ አድርሰዋል። የአካባቢው ሠራተኞች አለቃ ቦሄቲ ቢን አምራኒ ስሙ ለአንድ ዳይኖሰር መጠሪያ የሆነው በ2007 ነው፤ በጣም ዘግይቷል። በ1915 ኤድዊን ሄኒግ እንስሳውን ኬንትሮሳውረስ ኤቲዮፒከስ ብሎ ሰየመው። በቅጽሉ አፍሪካን በጥንቱ አጠራር መጥራቱ ነው እንጂ አጥንቱ ከእኛ አገር አልወጣም። በ1916 ስሙ ከሰሜን አሜሪካው ሴንትሮሳውረስ ጋር ይምታታል ተብሎ ሌላው ተመራማሪ ኖፕቻም ሄኒግም የየራሳቸውን ሌላ ስም አቀረቡ፤ የፊደሉ ልዩነት በቂ ስለሆነ የመጀመሪያው ስም ጸና።

ሄኒግ እንስሳውን ከጥሩር ለባሾቹ ሁለት ዋና ጎራዎች አንዱ ከሆኑት ከስቴጎሳውሮች ጋር መመደቡ እስከ ዛሬ አልተነካም። አጥንቱ ብዙ ነበርና አያስገርምም። የተነካው የአካሉ አቀማመጥ ነው። ረጅሙን የጎን እሾህ ሄኒግ ዳሌው ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ቻይና ውስጥ ተመሳሳይ እሾህ ትከሻው ላይ እንዳለ የተቀበረ ዘመድ ከተገኘ ወዲህ ብዙዎች ወደ ትከሻ አምጥተውታል።

የደቡብ አፍሪካው ፓራንቶዶን ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምመለስበትም እሱ ነው። በ1845 የተገኘው በዋናነት የላይኛው መንጋጋ ቁራጭና ጥርሶች ናቸው። ታላቁ ሪቻርድ ኦወን በ1876 ከካሩ ከመጣ፣ ዳይኖሰር ካልሆነ ጥንታዊ ተሳቢ የራስ ቅል ጋር ደባልቆ አንቶዶን አለው። በ1912 ሮበርት ብሩም መንጋጋው ለብቻው መሆኑን አየና ወደ ፓሌዮስኪንከስ ወሰደው። ፓሌዮስኪንከስ ራሱ በ1856 ከአሜሪካ በመጣ አንድ ጥርስ ላይ የቆመ፣ ከሌላው የጥሩር ለባሾች ጎራ፣ ከአንኪሎሳውሮች፣ የሚቆጠር ስም ነበር። በ1929 ኖፕቻ ፓራንቶዶን የሚለውን ስም ሰጥቶ ወደ ስቴጎሳውሮች አዛወረው፤ በ2018 ተመራማሪዎቹ ራቨንና ሱዛና ሜድመንት እንደገና መርምረው ይህንኑ ደገፉ። አንድ መንጋጋ ሦስት ቤት ዞረ። ሰዎቹ ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። ቅጠል መሰሉ ጥርስ በብዙ ዕፅ በል ተሳቢዎች ላይ ስለሚደጋገም ብቻውን ዘርን አይለይም።

በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ምደባን ከመመሳሰል ይልቅ በዝርዝር ባሕርያት ንጽጽር ላይ መመሥረት ጀመሩ። ፒተር ጋልተን በ1982 የኬንትሮሳውረስን አጥንቶች እንደገና አጠና፤ ሱዛና ሜድመንትና ባልደረቦቿ ከ2008 ጀምሮ በሠሯቸው የዘር ሐረጎች ኬንትሮሳውረስ ከቤተሰቡ ግንድ ሥር አካባቢ ተቀመጠ። የሞሮኮ ግኝቶች ደግሞ ካርታውን አናወጡት። በ2020 የተሰየመው አድራቲክሊት፣ አፍሪካዊ ሆኖ ሳለ፣ ከኬንትሮሳውረስ ይልቅ ለአውሮፓዎቹ ዳሴንትሩረስና ሚራጋያ ይቀርባል ተባለ። በ2021 እሾህ የተጣበቀበት አንድ የጎድን አጥንት ይዞ ብቅ ያለው ስፒኮሜለስ የአንኪሎሳውር ወገን መሆኑ የተወሰነው የአጥንቱ ውስጠኛ ሥሪት ከታየ በኋላ ነው፤ በ2025 የተጨማሪ አጥንቶች ጥናት ይህን አጠናከረ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1999 በማርክ ጉድዊን የሚመራ ቡድን ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ የሙገር ጭቃ ድንጋይ የዳይኖሰር ጥርሶችን ጨምሮ የዓሣና የኤሊ ቅሪቶችን አሳትሟል። ትልቅ ሥራ ነው። የፓራንቶዶን ታሪክ ግን ጥርስ ይዞ ወገን ለመሰየም መቸኮል ምን እንደሚያስከትል አሳይቶናል። ስለዚህ የሚያስፈልገው አጥንት ነው፤ ጠፍጣፋ የጀርባ አጥንት፣ የጅራት እሾህ፣ የዳሌ ክፍል። ለሰው ዘር አመጣጥ ሲባል አፋር ድረስ በየዓመቱ ጉዞ የሚደራጅባት አገር፣ ከጉለሌ በግማሽ ቀን መኪና የሚደረስበትን ጀማ የምታልፍበት በቂ ምክንያት አይታየኝም። ክረምት ሲያበቃ ጎርፍ የገለጠውን የጭቃ ድንጋይ ገደል የአራት ኪሎ የሥነ ምድር ተማሪዎች ወንፊትና መዶሻ ይዘው በየዓመቱ ቢያስሱት፣ ኬንትሮሳውረስ በዘመኑ ወደ ሰሜን ምን ያህል ዘመዶች እንደነበሩት የምንጠይቅበት አጥንት የሚገኘው ከዚያ ነው።