የማይጋለበው ፈረስ

ሐረር ገበያ የወጣ ሰው ፈረስ መጋላን ያውቃል። ስሙ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ጀጎል ውስጥ ጫት ወይም ማሽላ ይዞ የገባ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ሣር ስለማይበላ ፈረስ ነው።

ይህ ፈረስ ወርቃማ ምስል ነው። የሚሸለመው በምዕራብ አፍሪካ፣ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ ነው። እዚያ በ1961 ዓ.ም. የአፍሪካ ፊልም በዓል ተጀመረ። ዛሬ በዓሉ በየሁለት ዓመቱ ይከበራል። ከሁሉ የበለጠው ፊልም ፈረሱን ይወስዳል። ፈረሱ የሚጠራው የኔንጋ በምትባል ሴት ስም ነው። የአገሩ ሰዎች እንደሚያወሩት፣ የኔንጋ የንጉሥ ልጅና ጎበዝ ተዋጊ ነበረች። አባቷ ከጦሩ እንዳትለየው ብሎ ባል ከለከላት። እሷም በፈረስ ጋልባ ጠፋች።

ይህን በመሠረተ ትምህርት ክፍላችን ስናገር አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ የማይጋለብ ፈረስ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም መልስ አጣሁና የሐቲ ማክዳንኤልን ታሪክ ነገርኳቸው።

ሐቲ የአሜሪካ ጥቁር ተዋናይ ነበረች። በ1932 ዓ.ም. ኦስካር የሚባለውን ትልቅ የፊልም ሽልማት አገኘች። ከእሷ በፊት ያገኘ ጥቁር አልነበረም። የተሸለመችው የነጮች ቤት አገልጋይ ሆና በመጫወቷ ነው። በዚያች ማታ ግን ከፊልም ጓደኞቿ ለይተው ጥግ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ሰጧት። ሸለሟት እንጂ ከገበታቸው አላቀረቧትም! በ1959 ዓ.ም. የአሜሪካ ጥቁሮች ማኅበር ለጥቁር ተዋናዮችና ዘፋኞች፣ ኋላም ለደራሲዎች፣ የራሱን ሽልማት መስጠት ጀመረ። አፍሪካም በሁለት ዓመት ውስጥ ዋጋዱጉ ላይ የራሷን በዓል አቆመች።

ፈረሱ ወደ አገራችን ሰው እጅም ገብቷል። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በየካቲት 2001 ዓ.ም. «ጤዛ» በተባለው ፊልሙ ወሰደው። ፊልሙ ጀርመን ተምሮ፣ እግሩን አጥቶ ወደ መንደሩ ስለተመለሰ ሰው ነው። በመንደሩ ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ።

እኔ ግን የፊተኛውን ፊልሙን እመርጣለሁ። «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ይባላል። የተቀረፀው በ1966 ዓ.ም. ነው፤ የመሬት አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. መሆኑን አስታውሱ። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ሲደክም ይውላል። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጮህባቸዋል። ከተጫወቱት መካከል ገበሬዎች አሉበት። ለእነሱ ማረሻ አያያዝ የሚያሳይ ሰው አላስፈለገም።

አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ልጅ ሳሉ ለባለመሬት አርሰዋል። ቆየት ብለው ደብተራቸውን ገለጡ።

«ኃይሌ በየትኛው ሀ ነው የሚጻፈው?» አሉኝ።

«በብዙኃኑ ነው፣ አባባ።»

ቀስ ብለው ጻፉት።