መጽሐፉ ሲዘጋ የሚጀምር ጥናት

የአንድ ተማሪ እድገት ዘወትር የሚለካው ለጥናት በሰጠው ሰዓት፣ ባነበበው ገጽ ብዛትና በመጨረሻ ባገኘው ውጤት ነው፤ ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ተማሪው ያነበበውን ነገር መጽሐፉን ዘግቶ በራሱ ቃል መናገር ይችላል ወይ የሚለው ነው። የተሻለ የአጠናን ልማድ የሚገነባው፣ የተማሪውም ብስለት የሚታየው፣ ይህን ጥያቄ በየዕለቱ ለራሱ በሐቅ መመለስ ሲጀምር ነው።

አብዛኛው ተማሪ የሚያጠናው ደብተሩንና ሀንድአውቱን ደጋግሞ በማንበብ፣ ዋና ዋና የመሰሉትን መስመሮችም በቀለም በማስመር ነው። በሦስተኛው ንባብ ዐረፍተ ነገሮቹ እንግዳ ስለማይሆኑበት፣ ዐይኑም ሳይደናቀፍ ስለሚያልፍባቸው፣ ትምህርቱን የያዘው ይመስለዋል፤ ነገር ግን የታየን ነገር መለየት ሌላ፣ ያልታየን ከአእምሮ ማውጣት ሌላ ነው፤ ፈተና የሚጠይቀውም በአብዛኛው ሁለተኛውን ነው።

ይህን ልዩነት ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በግልጽ አሳይተዋል። በአንደኛው ሙከራቸው አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት የጥናት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ ሲያነብ፣ ሌላው ቡድን በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስት ክፍለ ጊዜያት ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን እነርሱ 40 በመቶውን ብቻ ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶውን አስታወሱ። ከአእምሮ ማውጣት የሚባለው ይህ ዘዴ እንግዲህ እውቀትን መለኪያ ብቻ ሳይሆን ማጽኛም ነው።

የጥሩ አጠናን ሁለተኛው መሠረት ጥናትን በጊዜ ማከፋፈል ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እያጠና የመርሳትን ፍጥነት ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው፣ ሰው ከሚረሳው አብዛኛውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን፣ በተለያዩ ቀናት ተከፋፍሎ የሚደረግ ክለሳም በአንድ ጊዜ ከሚደረገው የተሻለ መሆኑን አመልክቷል። በተማሪዎች ዘንድ ችከላ የሚባለው፣ በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ የሚደረግ ጥናት፣ ለማግስቱ ሊያደርስ ቢችልም በሚቀጥለው ሴሚስተር በዚያው ላይ ለሚገነባው ትምህርት ግን እምብዛም አይተርፍም፤ በዚያ ላይ የተማሩትን ለማጽናት የሚረዳውን እንቅልፍ ይቀማል።

ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የተማሩትን ከአእምሮ እያወጡ ማጥናት ባዕድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙሩ የቃል ትምህርቱን ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ በቃሉ ይመልሳል፤ ቀድሞ የተማረውም ኋላ የመጣውን ያስተምራል። በቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው ብቻውን ሆኖ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም የተማረውን ስልት ይዞ የራሱን አዲስ ቅኔ ያዘጋጃል፤ ከዚያም ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። ይህን ሥርዓት ሽምደዳ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ዕለት ዕለት ማውጣትን፣ መፍጠርንና መታረምን አንድ ላይ የያዘ ነውና።

አሠራሩ ለዘመናዊው ትምህርት እንዴት እንደሚውል በባዮሎጂ ማየት ይቻላል። ስለ ፎቶሲንተሲስ፣ ማለትም ዕፅዋት በብርሃን ኃይል ምግባቸውን ስለሚያዘጋጁበት ሂደት ያነበበ ተማሪ ደብተሩን ዘግቶ ሂደቱን በባዶ ወረቀት ላይ ሲጽፍ፣ ግብዓቶቹንና ውጤቶቹን ያለችግር ዘርዝሮ የሚወጣው ኦክስጅን ከየት እንደመጣ ሲደርስ ሊቆም ይችላል። ደብተሩን ገልጦ ኦክስጅኑ የሚገኘው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይሆን ከውሃ መሰንጠቅ መሆኑን ሲያገኝ፣ ያ መልስ ፈልጎ ያገኘው ስለሆነ ይጸናለታል። ያንኑ ጥያቄ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና በሳምንቱ ሳያይ ከመለሰ የክለሳው ሥራ በአጭር ጊዜ ያልቃል።

ወደ አገራችን የፈተና ውጤት ስንመጣ፣ በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ለዚህ ዝቅተኛ ውጤት የመምህር፣ የመጽሐፍና የሰላም እጦትን ጨምሮ ብዙ ምክንያቶች ስላሉ ጥፋቱን በተማሪው ልማድ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ሆኖም ባዶ ወረቀትና እስክርቢቶ ከሌላው ሁሉ ይልቅ በተማሪው እጅ የሚገኙ ናቸው። አለማወቁን ከፈተናው ቀን አስቀድሞ በገዛ ወረቀቱ ላይ ለማየት የሚደፍር ተማሪ፣ ስሕተትን እንደ ውርደት ሳይሆን የሚቀጥለው ጥናት መነሻ አድርጎ መቀበልን ይለምዳል፤ ይህም ልማድ ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ አዲስ ሙያ በሚማርበት ጊዜ ሁሉ ያገለግለዋል።