የመዝገብ ዐምድ ስምና በውስጡ የሚገቡ ምልክቶች

በከምባታ ዞን ዋና ከተማ በዱራሜ ዝንጅብልና ቡና ገዝቶ ወደ ሆሳዕናና ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ፥ መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲያዛውር የዐምዶቹን አርእስት እንደ ነበሩ መገልበጡ የተለመደ ነው። «የዕቃ ዓይነት»፥ «ብር/ኩንታል»፥ «ቀን (የተጫነበት)» የሚሉት አርእስቶች ለአንባቢ ግልጽ ናቸው። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ባዶ ቦታን፥ እዝባርንና ቅንፍን የስም ክፍል አድርጎ ስለማይቀበላቸው መዝገቡ በሚጠየቅበት ጊዜ ችግር ይፈጠራል።

እንዲህ ያለው መዝገብ የሚጠየቅበት ቋንቋ ኤስ.ኪው.ኤል. ይባላል። በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት የተጀመረ ሲሆን፥ በ1986 በአሜሪካ፥ በ1987 ደግሞ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ዘንድ ጸድቋል። በቋንቋው ደንብ እዝባር የማካፈል፥ ጭረት የመቀነስ ምልክት ነው፤ ባዶ ቦታም አንዱን ቃል ከሌላው ይለያል።

ኮምፒዩተሩ ትእዛዙን አልቀበልም ሲል ስሕተቱ ወዲያው ስለሚታወቅ ጉዳቱ ቀላል ነው። የሚያሠጋው ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ነው። ለማስረዳት ያህል፥ አንድ መዝገብ «ብር»፥ «ኩንታል» እና «ብር/ኩንታል» የሚባሉ ሦስት ዐምዶች አሉት እንበል። በመጀመሪያው የማጓጓዣና የጫኝ ክፍያ የተጨመረበት ጠቅላላ ወጪ 93,000፥ በሁለተኛው 10፥ በሦስተኛው ከሻጩ ጋር የተዋዋሉበት የአንዱ ኩንታል ዋጋ 9,000 ተጽፏል። ጠያቂው ብር/ኩንታል ብሎ በባዶው ቢጽፍ፥ ኮምፒዩተሩ 93,000ን ለ10 አካፍሎ 9,300 ይመልሳል። የስሕተት ማስታወቂያ አይወጣም፤ በየኩንታሉ ላይ ግን የ300 ብር ልዩነት ገብቷል።

መፍትሔው ስሙን በምልክት መክበብ ነው። በደረጃው የተወሰነው ድርብ ትእምርተ ጥቅስ ነው፤ "ብር/ኩንታል" ተብሎ ይጻፋል፤ ፖስትግሬስና ኦራክል ይህንኑ ይከተላሉ። የማይክሮሶፍት አክሰስ በማእዘን ቅንፍ፥ [ብር/ኩንታል] ተብሎ፥ ይሠራል። ማይ ኤስ.ኪው.ኤል. ደግሞ ወደ ግራ ያዘነበለችውን ትንሽ ጭረት፥ `ብር/ኩንታል` እንደሚለው፥ ይፈልጋል። ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ግን ተራ ጽሑፍን እንጂ ዐምድን አያመለክትም፤ ስሙ በእርሱ ቢከበብ በዋጋው ፈንታ ያው ስም በየመስመሩ እየተደጋገመ ይወጣል።

የፊደልም ጉዳይ አለ። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ስለ ገባ የአማርኛ ስም ራሱ አያስቸግርም። ሆኖም ለጆሮ አንድ የሆኑት «ዕቃ» እና «እቃ» ለኮምፒዩተር ሁለት ስሞች ናቸው፤ የዱራሜው ጸሓፊ በአንዱ፥ የአዲስ አበባው በሌላው ቢጽፍ በአንዱ መዝገብ ላይ የሠራው ትእዛዝ በሌላው ላይ አይሠራም። እንዲሁም በላቲን ፊደል በሚጻፈው በከምባታ ቋንቋ ትእምርተ ጭረት (') የድምፅ ምልክት ነው፤ ኤስ.ኪው.ኤል. ግን የተራ ጽሑፍ መክፈቻ አድርጎ ያነበዋል።

ስለዚህ አዲስ መዝገብ የሚያደራጅ ነጋዴ ከመነሻው ቀላል ስም ቢመርጥ ይበጀዋል። ምልክቶቹን ትቶ፥ በባዶ ቦታ ፈንታ የግርጌ መስመር (_) አግብቶ፥ ዋጋ_በኩንታል ብሎ ይጻፍ፤ የስሞቹንም ዝርዝር ወስኖ ለቅርንጫፎቹ ሁሉ ያድል። ለደንበኛ በሚታተመው ሰነድ ላይ «ብር/ኩንታል» የሚለው አርእስት እንደ ልማዱ ሊወጣ ይችላል፤ ቋንቋው ለዐምዱ ሌላ የሚታይ ስም መስጠትን ይፈቅዳልና። የቀድሞውን መዝገብ ሳይለውጥ የሚሠራበትም፥ ዋጋ ለደንበኛ ከመቍረጡ በፊት ከተመለሰለት መልስ ጥቂት መስመሮችን ከደረሰኙ ጋር ያመሳክር።