በታተመ ፕላስቲክ ኮምፖዚትን ስለ መጠገን

ኮምፖዚት የሚባለውን ነገር ለማወቅ ከጭቃ ቤት ግድግዳ መጀመር ይበቃል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የጤፍ ጭድ ገብቶበት ሲቦካ ግን ጭዱ አንቆ ይይዘዋል። ቦይንግ 787 የተባለውም አውሮፕላን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ በዚሁ ብልሃት የተሠራ ነው፤ ይኸውም በጭዱ ፈንታ የካርቦን ክር፥ በጭቃው ፈንታ ኢፖክሲ የተባለ ሙጫ ገብቶበት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አንዱ 787 ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ በስተጭራው በኩል ተቃጠለ፤ በ2006 ዓ.ም. ተጠግኖ ወደ በረራው ተመለሰ።

አንባቢ ሆይ፥ አሉሚንየም ሲቀደድ ልጣፊ ተደርጎበት በሪቬት ይመታል። የኮምፖዚት ኃይል ግን ባልተቋረጠው ክር ላይ ነው። ስለዚህ ጠጋኙ የተጎዳውን ያወጣና ዙሪያውን እየሳሳ እንዲሄድ ይሞርደዋል፤ ለ1 ሚሊሜትር ውፍረት 20 ወይም 30 ሚሊሜትር ያህል። በዚያም ላይ አዲስ የካርቦን ጨርቅ፥ የክሩን አቅጣጫ ከነባሩ ጋር እያስተካከለ፥ ይደራርብበታል። ከዚያ በላስቲክ ሸፍኖ አየሩን ይመጥና በሙቀት ያጠነክረዋል።

ጉዳቱ ጎባጣ ስፍራ ላይ ሲሆን ጨርቁን በቅርጹ የሚይዝ ፎርማ ያስፈልጋል። ይህን ከብረት መቅረጽ ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል። የስሪ-ዲ ማተሚያ መኪና የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ስፍራው በስካነር ይለካል፤ መኪናውም የቀለጠ ፕላስቲክ፥ እናቶቻችን መሶብ ሲሰፉ ዙር በዙር ላይ እንደሚጨምሩት፥ እየደረበ ፎርማውን ያወጣል። ነገር ግን ሁሉም ፕላስቲክ አይሆንም። ለተማሪ የሚቀርበው ርካሹ ፒ.ኤል.ኤ. በ60 ዲግሪ ገደማ ይለሰልሳል፤ የአውሮፕላን ኢፖክሲ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠነክረው በ120 ወይም በ177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለዚህ ሥራ አልቴምን የመሰለ ሙቀት ቻይ ፕላስቲክ ያስፈልጋል።

«ታዲያ ልጣፊውን ራሱን ለምን አናትመውም?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ለወንበር መደገፊያ ሽፋን ይሁን፤ ለክንፍ ግን እኔ አልስማማም። የታተመ ፕላስቲክ በድርቡና በድርቡ መካከል ደካማ ነው፤ የካርቦን ክር ቢጨመርበትም ድርቡን ከድርብ የሚያያይዘው ያው ፕላስቲክ ነው።

ቀለም ከተቀባ በኋላ ደህናውም ደካማውም ጥገና አንድ ይመስላል። አልትራሳውንድ በመካከል የተለያየውን ስፍራ ያሳያል፤ የተጣበቀው ምን ያህል እንደ ጠነከረ ግን አይለካም። ስለዚህ ጠጋኞች የፊቱን ንጽሕና፥ የሙቀቱን ዲግሪና ደቂቃውን ሁሉ እየመዘገቡ ይሠራሉ።