ድመት ለምን ትንቀጠቀጣለች?

ድመት በገበሬ ቤት የጎተራ ዘበኛ ናት። አይጥ እህላችንን እንዳይካፈለን ሌሊቱን ነቅታ የምትጠብቅልን እሷ ናት። ታዲያ ይህች ዘበኛ አንዳንድ ቀን ስትንቀጠቀጥ ትታያለች። አንዱ «በርዷት ነው» ይላል። ሌላው «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል። ሦስተኛው «አብዳለች፣ በዱላ በሏት» ይላል። ማን ነው ትክክል?

መንቀጥቀጥ ራሱ በሽታ አይደለም፤ ምልክት ነው። ምልክት ደግሞ እንደ ፊደል ነው፤ የሚያነበው ሰው ይፈልጋል። እስቲ አብረን እናንብበው።

1ኛ. የማያሰጋ መንቀጥቀጥ

ድመት ተኝታ ሳለ ጢሟ፣ ጆሮዋና መዳፏ እርግብ እርግብ ቢል አትደንግጡ። ሕልም ላይ ናት። ሚሼል ዡቬ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በ1959 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ይህን ዓይነት እንቅልፍ ያጠናው በድመት ላይ ነበር። በዚህ ጊዜ አንጎል እንደነቃ ሆኖ ይሠራል፤ ሰውነት ግን ዝሏል። ስለዚህ ጫፍ ጫፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ብታርገበግብም ሰላምታዋ ነው። ዝናብ ደብድቧት ብትንዘፈዘፍ ደግሞ አድርቋት፣ ምድጃ አጠገብ ትሙቅ፤ ይለቃታል። ጆሮዋን እያራገፈች የምትቧጭር ከሆነ ግን በጆሮዋ ውስጥ ጥቃቅን ተባዮች ሊኖሩ ይችላሉና ለእንስሳት ሐኪም አሳዩአት።

2ኛ. ከመርዝ የሚመጣ መንቀጥቀጥ

ድመት ሰውነቷን የምታጸዳው በምላሷ ነው። ጎተራ ላይ የተነሰነሰ የነቀዝ መድኃኒት ጠጉሯ ላይ ካረፈ ልሳ ትውጠዋለች። ከዚያ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ መቆም ያቅታታል። በተለይ ፐርሜትሪን የሚባለው የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት ውሻ የሚችለው ሆኖ ሳለ ድመትን ይገድላል። የድመት ጉበት ይህን መርዝ እንደ ውሻ ጉበት ማብረድ አይችልም።

ምን ይደረግ? እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ ጠጉሯን በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠቡ። በግድ ወተት አትጋቷት። የመድኃኒቱን ዕቃ ይዛችሁ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ሂዱ።

3ኛ. የእብድ ውሻ በሽታ

ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። ስሙ የውሻ ቢሆንም ድመትንም ይይዛል። የለመደችው ድመት ድንገት ጠባይዋ ይለወጣል። ጨለማ ፈልጋ ትደበቃለች፣ ወይም ያለ ምክንያት ትናከሳለች። ድምጿ ይጎረንናል፣ መዋጥ ያቅታታል፣ ለሃጯ ይወርዳል፣ የኋላ እግሯ ይዝላል። «አጥንት ሰንቅሯት ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አፏ ውስጥ እንዳታስገቡ! በሽታው ያለው በምራቋ ነው።

ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። አመድ፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ቅጠል አትጨምሩበት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ነውና ሳታቋርጡ ጨርሱ። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ተደብቆ ይቆያል። አንዴ በሰው ላይ ከታየ ግን መድኃኒት የለውም፤ ይገድላል። «ቁስሉ ድኗል» ብሎ መዘናጋት ስንቱን ልጅ ጨርሷል! ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ።

4ኛ. የሚናማታ ድመቶች

በጃፓን አገር ሚናማታ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። በ1950ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) በዓሣ አጥማጆች መንደር ድመቶች መንቀጥቀጥ፣ መሽከርከር፣ ባሕር ውስጥ መውደቅ ጀመሩ። ሰዉ «የሚጨፍሩ ድመቶች» አላቸው። ጭፈራ ግን አልነበረም። ቺሶ የተባለው ኩባንያ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ቆሻሻ ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር። መርዙ ዓሣው ውስጥ ገባ፤ ድመቶቹ ዓሣውን በሉ። ሰዎቹም ያንኑ ዓሣ ይበሉ ነበር።

በ1956 ሕፃናት ሳይቀሩ እጅ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ሆስፒታል ገቡ። በ1959 የፋብሪካው ሆስፒታል ሐኪም ሆሶካዋ ቆሻሻውን ለድመት አብልተው ቢያዩ ድመቷ ታመመች። ኩባንያው ግን ውጤቱን ደበቀው። መንግሥት ጥፋቱ የፋብሪካው መሆኑን ያስታወቀው በ1968 ነው። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ አካለ ስንኩል ሆነ።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን? ድመት ከእኛው ማድ ትበላለች፤ ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ መርዙ ቶሎ ይገኝባታል። ጎተራ ሥር የምትተኛ ድመት ስትንቀጠቀጥ ካያችሁ «ድመት ናት» ብላችሁ አትለፉ። «ጎተራው ላይ ምን ነሰነስን? ያ እህል ነገ የማን ምሣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለማሳ የተሠራ መርዝ ለእህል ማከማቻ አይሆንም። የተጻፈበትን ወረቀት አንብቡ፤ ያላነበበ ጎረቤት ካለም አንብቡለት። ማንበብ የተማርነው ለዚህም ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ተኝታ የምትርገበገብ ድመትና ለሃጯ እየወረደ የምትንቀጠቀጥ ድመት በምን ይለያሉ?
ለ. ድመት ልጅ ብትነክስ በመጀመሪያ ምን ይደረጋል? ቀጥሎስ?
ሐ. በቤታችሁ የነቀዝ መድኃኒት የት ይቀመጣል? ልጅና ድመት ይደርሱበታልን?