ያረጀ ዘፈን እንዴት ይታደሳል?

«የድሮውን ዘፈን አበላሹት!» የሚል ወቀሳ በየአገሩ ይሰማል። አንድ ወጣት፥ አባቶቹ የሚወዱትን ዜማ አንሥቶ በራሱ መንገድ በተጫወተ ቁጥር፥ ግማሹ ሰው ያጨበጭባል፤ ግማሹ ያዝናል። ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ከሆነ ክርክሩ መቋጫ የለውም። ስለዚህ አንድ የታወቀ ምሳሌ ወስደን ብንመረምር ይሻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምሳሌያችን «ቦዲ ኤንድ ሶል» የተባለው የአሜሪካ ዘፈን ነው፤ ትርጓሜውም «ሥጋና ነፍስ» ማለት ነው። የዜማው ደራሲ ጆኒ ግሪን የተባለ የኒውዮርክ ተወላጅ ነው። በ1930 ሊቢ ሆልማን በኒውዮርክ የቴአትር መድረክ ላይ ዘፈነችውና ዝናው ወጣ። ለመድረክ እንደ ተሠሩ እንደ ብዙዎቹ ዘፈኖች፥ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ሊረሳ ይችል ነበር።

እንዳይረሳ ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው ኮልማን ሆኪንስ ነው። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ የሳክስፎን ተጫዋች፥ አምስት ዓመት ያህል በአውሮፓ ቆይቶ በ1939 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 11 ቀን ዘፈኑን በሸክላ አስቀረጸ። የሚያስደንቀው ግን፥ የታወቀውን ዜማ የተጫወተው በመጀመሪያው ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። ሸክላው የሚፈጀው ሦስት ደቂቃ ያህል ሲሆን፥ የቀረው ሁሉ ሆኪንስ እዚያው እየተጫወተ ከራሱ ያፈለቀው ነው። ቃል የለበትም፤ ዘፋኝም የለበትም። ቢሆንም ሕዝቡ ወደደው፤ ሸክላውም በብዛት ተሸጠ።

ዜማው ከተተወ፥ ዘፈኑ ያው ዘፈን መሆኑ በምን ይታወቃል? መልሱ በአሠራሩ ላይ ነው። ዘፈኑ አራት ክፍሎች አሉት። አንደኛው፥ ሁለተኛውና አራተኛው ተመሳሳይ ሲሆኑ፥ ሦስተኛው ወደ ሌላ ቃና ተሻግሮ ይመለሳል። ከዜማው ሥር ደግሞ ፒያኖው በተራ የሚመታቸው ኮርዶች አሉ። እነዚህ እንደ ቤት ምሰሶና ማገር ናቸው። ሆኪንስ ምርጉን አንሥቶ በሌላ መረገው እንጂ ምሰሶውን አልነቀለም። እያንዳንዱ ኮርድ የሚመጣበትን ቦታ ጠንቅቆ ባያውቅ ኖሮ፥ ገና ከመነሻው መንገዱ በጠፋው ነበር።

ከእርሱም በኋላ ዘፈኑ አላረፈም። በ2008 አሜሪካዊቷ ኤስፔራንዛ ስፖልዲንግ በእስፓኝ ቋንቋ ዘፈነችው፤ በአራት ይቆጠር የነበረውንም ምት ወደ አምስት ለወጠችው። በማርች 2011 ደግሞ የ84 ዓመቱ ቶኒ ቤኔትና የ27 ዓመቷ እንግሊዛዊት ኤሚ ዋይንሃውስ ሎንዶን ውስጥ አብረው ዘፈኑት። እነርሱ ዜማውን ብዙም አልለወጡትም፤ አዲሱ ነገር፥ ሽማግሌውና ወጣቷ አንዱን የፍቅር ሐዘን እየተቀባበሉ መናገራቸው ነበር። ዋይንሃውስ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ሞተች፤ የመጨረሻ ቅጂዋም ይኸው ሆነ። በ2012 ሁለቱ በዚህ ዘፈን የግራሚን ሽልማት አገኙ።

እንግዲህ ሆኪንስ ዜማውን ተወ፥ ስፖልዲንግ ቋንቋውንና ምቱን ለወጠች፥ ቤኔትና ዋይንሃውስ ዜማውን ጠበቁ። የሦስቱም መንገድ የተለያየ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም አሮጌውን በሚገባ ተምረው የተነሡ ናቸው። ወቀሳ የሚገባው፥ ዘፈኑን ሳያጠና ከበሮ ጨምሮና ፍጥነት አክሎ «አደስኩት» ለሚል ሰው ነው።

አንባቢ ሆይ፥ የታደሰ ዘፈን ሲያጋጥምህ ከመፍረድህ በፊት የቀድሞውን ፈልገህ ስማ። ከዚያም ምን እንደ ቀረ፥ ምን እንደ ተጨመረ፥ ምንስ ሳይነካ እንደ ቆየ ለይ። በሆኪንስ ሸክላ ብትጀምር ሦስት ደቂቃ ይበቃሃል፤ ደግመህ ማዳመጥህ ግን አይቀርም።